«ጠለፈ» ለባክቴሪያ ይሆናል ወይ?

ቦርከና ዳር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ነርሲንግ እማራለሁ። ስለ ታይፎይድ በአማርኛ ሳዘጋጅ «ሳልሞኔላ የሴሉን አሠራር ጠልፎ ይገለገልበታል» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን በቀይ ሰርዘው «ሚስት ፈልጎ ነው?» አሉኝ። ምን ልበል?

ቅኔ ቤት ያደረ፦ መምህርሽ ልክ ናቸው። ጠለፋ ይዞ መሄድ ነው። ልጅቱም አውሮፕላኑም ካሉበት ይነሳሉ። ይሄ ግን እዚያው ገብቶ ይቀመጣል። ደግሞ «ሴል» ምንድን ነው? «ሕዋስ» በይ፤ በሐመሩ ሐ።

የሸዋበር ልጅ፦ የኔታ፣ «አምስቱ ሕዋሳት» ዓይንና ጆሮ አይደሉም እንዴ? አንጀት መቼ ገባ? ዐረብኛውም «ሐዋስ» የሚለው ለስሜት ነው። ሴልን «ኸሊያ» ይለዋል፤ የንብ ቀፎም ነው።

ቅኔ ቤት ያደረ፦ ግዕዝ ከማንም አልተበደረም!

የሸዋበር ልጅ፦ አብሽር፣ ብድር አልጠየቅኩም።

ጋሽ ጡረታ፦ በኛ ጊዜ ሕዋስ ማለት ተደብቆ የሚሰበሰብ የፓርቲ ቡድን ነበር። ሰርጎ ገብም አይጠፋውም። «ሰርጎ ገባ» በይ ልጄ።

ማይክሮስኮፕ፦ ደሴ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሳልሞኔላ መርፌ የመሰለ ነገር አለው። የአንጀት ሴል ሲያገኝ በዚያ ፕሮቲኖቹን ይወጋዋል። የሴሉ የውስጥ ክር፣ አክቲን የሚባለው፣ እንደ አዲስ ይደረደራል። ሽፋኑ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ተነስቶ ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ሴሉ በገዛ እጁ አስገባው! ከገባም በኋላ የተቀመጠበት ከረጢት ውስጥ ሆኖ መውጋቱን አይተውም፤ ከረጢቱ ወደ መፍጫው እንዳይደርስ መንገድ ያስቀይረዋል። መርፌና ክር ካለ ጥልፍ ነው። ጥልፍ ሲጠለፍ ደግሞ ጨርቁ የትም አይሄድም፣ የኔታ።

ቅኔ ቤት ያደረ፦ ጥልፍ ያስጌጣል። ታይፎይድ ማንን አስጌጠ?

ጋሽ ጡረታ፦ እግር መጥለፍስ? የኳሱን ረሳችሁት።

የቃሉ ገበሬ፦ እኛ ወንዝ እንጠልፋለን። ወንዙ እዚያው ነው፤ ውሃው ግን የኛን ማሳ ያጠጣል።

ቅኔ ቤት ያደረ፦ ወንድሜ፣ መስኖ ሌላ ርእስ ነው። «ሕዋስ» ላይ እንመለስ።

የሸዋበር ልጅ፦ «ተስቦ»ስ «ሳበ» ከሚለው አይደል? በሽታው ከሰው ሰው ተስቦ ስለሚሄድ።

ቅኔ ቤት ያደረ፦ እሱን ገና አልነካነውም! «ሰሐበ» ብለህ ጀምር፤ ሐመሩ ሐ አለበት።

ቦርከና ዳር፦ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው። «ጠልፎ» ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ቅኔ ቤት ያደረ፦ ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሐውን እንጨርስ።