የስንዴ ቢራ በቤት ውስጥ፦ ባሕር ዳር ላይ ይሆናል?

ከሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ከጀርመን ይዞልን የመጣው የስንዴ ቢራ ደፍረስ ያለ ነው፤ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። «ምንም ቅመም አልገባበትም» ይለኛል። ለፋሲካ 10 ሊትር ያህል ለመጥመቅ አስቤአለሁ። ትልቅ ድስት፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ ቴርሞሜትርና ወንድሜ የተወልኝ ጥቂት ደረቅ ሆፕስ (እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርረው አበባ) አለኝ። ብቅሉን ከየት ላምጣ? የዳቦ እርሾ ይሆናል? የመጋቢት ሙቀትስ አያበላሸውም? እናቴ «ጠላ እያለ!» ብላ ስቃብኛለች፤ ጋኗን ግን ፈቅዳልኛለች።

የጠላ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ እናትህ ቤት ውስጥ እያሉ ብቅል ከየት ላምጣ ትላለህ? የገብሱ ብቅል ቅዳሜ ገበያ አለልህ፤ አሽትተህ ሻጋታ የሌለበትን ግዛ። የስንዴውን ራስህ አብቅል። ለዘር የተዘጋጀና ቀለም የተቀባ ስንዴ እንዳትነካ፤ መድኃኒት አለበት። ለምግብ የሚሸጠውን ለቅመህ አንድ ቀንና ሌሊት ዘፍዝፍ፤ ውሃውን ቀያይርለት። ከዚያ አጥልለህ በቅጠል ሸፍነውና እያገላበጥህ ጠብቅ። ስንዴ እንደ ገብስ ቅርፊት ስለሌለው ቡቃያው ቶሎ ይሰበራል፤ እጅህን አለስልስ። ሲበቅል ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ እንዳትቆላው። የጠላ አሻሮ ይቆላል፤ ይህ ግን ከተቆላ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይርበት ጉልበቱ ይሞታል።

ስንዴው አንድ ኪሎ ተኩል፣ ገብሱ አንድ ኪሎ ይሁን። ወፍጮ ቤት «ሸርክትልኝ እንጂ አታልመው» በል፤ ዱቄት ከሆነ ሊጥ ሆኖ አልጠለል ይልሃል። ማጥለያ የሚሆንህ የገብሱ ቅርፊት ነው። 8 ሊትር ውሃ 73 ዲግሪ ሲደርስ ብቅሉን ጨምር፤ ወደ 67 ይወርዳል። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አንድ ሰዓት ተወው። ካጠለልህ በኋላ አተላውን 75 ዲግሪ በሞቀ 7 ሊትር ውሃ እጠብና ሁለቱን ቀላቅለህ አንድ ሰዓት አፍላ፤ 10 ግራም ሆፕስ ከመጀመሪያው ይግባ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብለህ እንዳትጥለው።

ጋኑን ለእናትህ መልስላቸው። በወይራ የታጠነ ጋን ሙዙንም ቅርንፉዱንም ይውጠዋል።

የባቫሪያ ናፋቂ፦
ወንድምህ እውነቱን ነው፤ ሽታው የሚመጣው ከእርሾው ነው። የስንዴ ቢራ እርሾ በፖስታ ማስመጣት ከቻልህ ከ11 ግራሙ ፓኬት ግማሹ ለ10 ሊትር ይበቃል። ካልሆነም የዳቦ እርሾን አልንቅም፦ ፊንላንዶች ሳህቲ የሚባለውን የገጠር ቢራቸውን የሚጠምቁት በእርሱ ነው፤ ሙዝም ይሸታል። እርሾውን የምትጨምረው የፈላው ከ22 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያም ከ18 እስከ 22 ባለው ይቆይ። ጀሪካኑን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁመህ እርጥብ ጆንያ አልብሰው፤ የመጋቢት አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ያበርድልሃል። ክዳኑን አታጥብቅ፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል።

ከሽምብጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆፕሱን ስመዝነው 10 ግራም አይሞላም። በዘጌ ጌሾ ብተካውስ?

የጠላ ቤት ልጅ፦
የዘጌን ጌሾ በጠላ ነው የማመሰግነው። እዚህ ከበዛ ጠላ ጠላ ይልብሃል። ያለህን ሆፕስ ጨምረህ ለጎደለው ቁንጥር ቅጠል ብቻ አብረህ አፍላ፤ እንጨቱን ተወው።

የባቫሪያ ናፋቂ፦
ጀርመኖች ይህን ቢሰሙ ሕጋቸውን ይጠቅሱብሃል፤ አትስማቸው። በደቡብ ጀርመን ያለችው የባቫሪያ የ1516 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የፈቀደው ገብስ፣ ሆፕስና ውሃ ብቻ ነበር፤ ስንዴው ራሱ አልነበረበትም። መሳፍንቱ ናቸው የስንዴ ቢራ የመጥመቅን መብት ለራሳቸው ያስቀሩት።

የጠላ ቤት ልጅ፦
መሳፍንቱን ተዋቸውና ስለ ጠርሙሱ ልንገርህ። ይህን ሳይሰማ ማንም ቢራ ባያሽግ እመርጣለሁ። አረፋው ማቆሙ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ቅመሰው፣ ጣፋጭነቱ መጥፋት አለበት። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቅ። ስታሽግ ለአንድ ሊትር 7 ግራም ስኳር ይበቃል፤ «ትንሽ ልጨምር» ያለ ሰው መስታወት ሲፈነዳ ዓይኑን ያጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀም፤ በእጅህ ስትጫነው ድንጋይ ከሆነ ክዳኑን ላላ አድርገህ አስተንፍሰው።