የአያቴ የቀንድ ዋንጫ፦ ይጠጣበት ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ (የቡሬዋ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ቡሬ ከሚገኘው ቤታቸው ዕቃ ስናወጣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ የቀንድ ዋንጫ አገኘን። አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ ሁለት ቀለበት ተቀርጾበታል፤ ውስጡን ሳሸተው እስከ ዛሬ ጌሾ ጌሾ ይላል። ታላቅ ወንድሜ በመስተዋት ቁም ሣጥን ይቀመጥ ሲል፣ እኔ ግን ለፋሲካ ጠላ ተቀድቶበት ቤተሰቡ ቢጠጣበት እወዳለሁ። ሳይበላሽ እንዴት ይታጠባል? ጠጅስ ይጠጣበታል?

መልስ (የቀንድ ሠሪ ልጅ)
አባቴ ከቀንድ ዋንጫና ማንኪያ ይሠሩ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይለዝባል። ሠሪው ቀንዱን የሚያቃናውም ሆነ አፉን የሚያሰፋው በሙቀት ስለሆነ፣ የፈላ ውሃ ወይም ሻይ ከጨመርሽበት የተቃናው ተመልሶ ይጣመማል፤ ከሥር የተደፈነውም ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ሳትዘፈዝፊው ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥበሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። አልፎ አልፎ በጨርቅ ጥቂት ዘይት ማሸትም ይጠቅመዋል። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ወደ ብርሃን አንሥተሽ ተመልከቺው፤ ስስ ቀንድ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይታይሻል። ከዚያም ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ አንድ ጊዜ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተሽ አሳድሪው።

መልስ (ጋሽ ዘጎንደር)
ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ጠጅ የብርሌ ብቻ የመሰለን ብርጭቆ ከውጭ እየገባ ከተስፋፋ ወዲህ ነው፤ በቀድሞው ዘመን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ይቀርብ ነበር። አሳላፊውም መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ በጠጪው ፊት ሳይቀምስ አያቀርብም ነበር። ስለዚህ ጠላም ጠጅም ይሆንበታል፤ አረቄውን ለመለኪያ ተዪለት። ስሙንም ልብ በይ። ሲኒ በአረብኛ «የቻይና» ማለት ስለሆነ ቡና የምንጠጣበት ዕቃ የመጣበትን አገር ስም ይዞ ቀርቷል፤ ዋንጫ ግን የራሱን ስም ለሌላ ሰጠ። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፎ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውን ሽልማት «ዋንጫ» ብለን የጠራነው አያትሽ በነጠላ ጠቅልለው ባቆዩት ዕቃ ስም ነው። እኔ ቢጠጣበት እመርጣለሁ።

መልስ (የሚካኤል ማኅበርተኛ)
የወንድምሽም ስጋት አግባብ ነው፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባል የለ? ነገር ግን ከሁለታችሁ አሳብ ሌላ መንገድ አለ። እኛ ወር በገባ በ12 ስንሰበሰብ ጽዋው የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ተረኛው በክብር ተቀብሎ ቤቱ ያኖረዋል፤ በሚቀጥለው ወርም ለባለተራው ያስረክባል። ዋንጫችሁም እንዲሁ በየፋሲካው ከልጅ ወደ ልጅ ቤት ቢዞር፣ ዓመቱን ሙሉ ተከብሮ ይቀመጣል፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ ይጠጣበታል።

የጠያቂዋ ምላሽ (የቡሬዋ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ውሃ ሞልቼ አሳደርሁት፤ ጎኑ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ሳነሣው ከሥሩ በኩል ጠረጴዛው ረጥቦ አገኘሁት። ይደፈናል?

መልስ (የቀንድ ሠሪ ልጅ)
ይደፈናል። ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቅ፤ ከዚያም ንጹሕ የንብ ሰም በዝግታ አቅልጠሽ፣ ማጤስ ሳይጀምር ጥቂት ወደ ውስጥ አፍስሺና ሰሙ የሥሩን ዙሪያ እንዲይዝ እያዘነበልሽ አዙሪው። ሲረጋ እንደ ገና በቀዝቃዛ ውሃ ሞክሪው።

የጠያቂዋ ምላሽ (የቡሬዋ)
ሰሙን ወንድሜ ራሱ ሊገዛ ሄዷል። የመጀመሪያው ተራም የእሱ እንዲሆን ተስማምተናል።