የውጭ ወኪላችን የድርጅታችንን የሥነ ምግባር ደንብ እንዲያከብር ምን እናድርግ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የተቆላ ቡና ወደ ውጭ የምንልክ አነስተኛ ድርጅት ነን። ወኪል አከፋፋያችን በላከልን ሒሳብ ላይ ደረሰኝ የሌለው «የማፋጠኛ ወጪ» አግኝተን ስንጠይቀው፣ ዕቃው ወደብ ላይ እንዳይቆይ ለጉምሩክ ሠራተኞች የሰጠው መሆኑንና ይህም በአገሩ የተለመደ እንደሆነ ነገረን። ደንባችን ጉቦን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። ሰውየው ታታሪ ስለሆነ ልናጣው አንፈልግም፤ እንዴት እናግባባው?

መልስ 1
«የተለመደ ነው» የሚለው ምክንያት አያሳምናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው፣ ለውጭ አገር ባለሥልጣናት ጉቦ መስጠትን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ መደበኛ አገልግሎት ለማፋጠን የሚከፈልን ገንዘብ በልዩ ሁኔታ ቢያልፍም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእንግሊዝ የጉቦ ሕግ ይህን እንኳ አይፈቅድም፤ እንዲያውም ወኪል ለድርጅቱ ጥቅም ሲል ጉቦ ከሰጠ፣ ድርጅቱ በቂ የመከላከያ ሥርዓት እንደነበረው ካላስረዳ በስተቀር ራሱ ይጠየቃል። ሲመንስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካና ለጀርመን 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በከፈለበት ጉዳይ፣ ከጉቦው ብዙው ያለፈው በአማካሪዎችና በደላሎች እጅ ነበር።

መልስ 2
ሕጉ እውነት ነው፤ ሆኖም ወኪሉን ከማስፈራራታችሁ በፊት ለምን እንደሚከፍል መርምሩ። የተቆላ ቡና በቆየ ቁጥር መዓዛው ይቀንሳል፤ በመዘግየቱ የሚደርሰው ኪሳራና የመጋዘን ኪራይ በወኪሉ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ ደንባችሁ እንዲከስር እያዘዘው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በሕንፃው ካሰፉት ኩባንያዎች መካከል የሥነ ምግባር ደንብ የነበራቸው ነበሩበት፤ በዘርፉ ግን ደንብ የሚልከው ገዢ ራሱ ዋጋ ቀንሱ፣ ቶሎ አድርሱ እያለ ፋብሪካዎችን ያስጨንቅ ነበር። ስለዚህ ጉቦ ባለመክፈሉ የሚመጣውን ወጪ ድርጅታችሁ እንደሚጋራው በውሉ ላይ ጻፉ፤ የማስረከቢያ ጊዜውንም አርዝሙለት። ይህን ሳታደርጉ ቃለ መሐላ ብታስፈርሙት፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሐዊ አይደለም።

መልስ 3
በሁለተኛው መልስ እስማማለሁ። ደንቡንም ወኪሉ በሚገባ በሚያነበው ቋንቋ አስተርጉማችሁ፣ በተቻለ መጠን በአካል ተገናኝታችሁ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ተወያዩበት፤ የጉምሩክ ሠራተኛ ገንዘብ ሲጠይቀው ለማን ደውሎ እንደሚያሳውቅም ይወቅ። እስከዚያው ግን ያንን ደረሰኝ አልባ ወጪ አትተኩለት፤ ከተካችሁለት ጉቦውን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።