የፓምፕ ሶላሬን ከመብራት መስመር ጋር ባገናኘውስ?

የደንቢያ ልጅ
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ደንቢያ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በመስኖ ነው የማለማው። ለፓምፑ 450 ዋት የሆኑ 12 ፓኔሎች አስተክዬ ከናፍጣ ተገላግያለሁ ተመስገን። ግን ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓኔሉ ደግሞ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ፀሐዩን ይዞ በከንቱ ሲቀመጥ ሳየው ያንገበግበኛል። ግቢያችን መብራት ገብቷል፣ ታዲያ የፓኔሉን ኃይል ለፓምፑ ሞተር ከሚቀይረው ኢንቨርተር ሽቦ ስቤ ቆጣሪው ላይ ባገናኘው ምን ይሆናል? አንድ የሰፈራችን ልጅ ቆጣሪው ወደኋላ ይቆጥርልሃል አለኝ፣ እውነት ነው?

የአዘዞ ኤሌክትሪሻን
ወንድሜ በእናትህ እንዳትሞክረው! የፓምፕ ኢንቨርተር ለሞተሩ ብቻ ነው የተሰራው፣ ፀሐይ ሲደክም ፍሪኩዌንሲውን (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ዝቅ እያደረገ ሞተሩን ያዘገየዋል፣ የመንግስት መስመር ደግሞ 50 ኸርዝ ነው፣ ሁለቱ ሳይናበቡ ከተገናኙ ኢንቨርተርህ እዛው ይቃጠላል። ከመስመር ጋር የሚናበበው ግሪድ ታይ የሚባለው ነው፣ እሱም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ተበላሸ ይላል። እንዲጠፋ የተደረገው ለሰው ህይወት ነው። ትራንስፎርመሩ 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 380 እንደሚያወርደው ካንተ የሄደውንም መልሶ ወደ 15 ሺህ ይሰቅለዋል፣ መብራት የለም ብሎ ፖል ላይ የወጣውን ሰራተኛ አስበው እስኪ።

የማክሰኚት ዶሮ አርቢ
እኔ ባትሪ ያለው ሃይብሪድ ኢንቨርተር ነው ያስገባሁት፣ ከሶላሩም ከመስመሩም ከባትሪውም የሚሰራውን። የኛ ቤት የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቴስተር ሳስገባ 220 መሆን የነበረበት 170 ያሳየኛል፣ ያኔ ኢንቨርተሩ ቀጭ ብሎ መስመሩን ይለቅና ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ጫጩቶቼ ሙቀት እንዳይቋረጥባቸው እሱ ነው ያዳነኝ። ስለ ቆጣሪው ደግሞ አትታለል ወንድሜ፣ ዲጂታሉ ወደኋላ አይቆጥርም፣ እንደውም አንዳንዱ የሰጠኸውንም እንደተጠቀምክ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በሁለቱም አቅጣጫ የሚለካ ቆጣሪና ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እቃ ሳትገዛ መጀመሪያ የመብራት ኃይል ቅርንጫፍ ሄደህ ጠይቅ።

የደንቢያ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ልቀጥለው ነበርኮ! እሺ ክረምቱን ምን ላርግበት?

የአዘዞ ኤሌክትሪሻን
ያንተ ኢንቨርተር ሶስት ፌዝ ሞተር ያዞራል አይደል፣ ከፓምፑ ሞተር የማይበልጥ ትንሽ ወፍጮ ወይ የመኖ መፍጫ ፈልግለት። ሲዳምን ይዘገያል ወይ ይቆማል እንጂ እህሉ አይበላሽም። ሽቦውን ስትቀያይር ግን መጀመሪያ የፓኔሉን ማጥፊያ አጥፋ፣ 12ቱ በተከታታይ ከታሰሩ ወደ 500 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ነው፣ እሳቱ እንደ ቤት መብራት ብልጭ ብሎ አይተውህም። የሞተሩ ላይ ያለችውን ታፔላ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።