ኢምፕላንት ጥርስ በመፋቂያ ይጸዳል ወይ?

ሰላም ጎንደሬዎች። እናቴ ታችኛው መንጋጋዋ ላይ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚቀበር ብረት፣ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚታሰርበት) ተተክሎላታል። መፋቂያዋን አልተውም ብላለች። ይበቃል? ስትፍቅ ትንሽ ደም ይታያል። ቆሎስ ትብላ?

መልስ 1
መፋቂያ የሚታየውን ፊት ነው የሚያጸዳው። ጣጣው ያለው ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ወደ ድዱ አዘንብላ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ ትቦርሽ። ማታ ማታ በጥርሶች መሃል የሚገባውን ትንሽ ብሩሽ ትጨምር፤ ሽቦው በፕላስቲክ የተለበጠ ይሁን፣ ባዶው ሽቦ የኢምፕላንቱን ብረት ይጭራል። ካልገባ አትግፋው፣ ቀጠን ያለ ግዙላት። ከሰልና አመድ በፍጹም!

መልስ 2
ደሙን አትናቁት። ኢምፕላንት በትል አይበላም፣ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። ድዱ ብቻ ከተቆጣ በጽዳት ይመለሳል፤ አጥንቱ መሟሸሽ ከጀመረ ግን በራሱ አይተካም፣ ላያምም ሁሉ ይችላል። ራጅ ትነሳ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ቢታዘዝላት ከ2 ሳምንት በላይ አትጉመጥመጥበት፣ ጥርስ ያጠቁራል፤ ቡና ሲጨመርበት ይብሳል። ስኳር ካለባት እሱንም ተቆጣጠሩ።

መልስ 3
የሽምብራ ቆሎ በዚያ በኩል ይቅርባት፣ የሰው ሠራሽ ጥርሱ ፖርሴሊን (ሸክላ መሰሉ ክፍል) ይሸረፋል። ኢምፕላንት እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ግፊት የሚሰማ ጅማት ስለሌለው ምን ያህል እንደነከሰች በደንብ አይታወቃትም። ከተነቃነቀ ብዙ ጊዜ የላላችው ጥርሱን ከኢምፕላንቱ ጋር የምታያይዘው ውስጠኛዋ ብሎን ናት፤ ቶሎ ትጠበቅ፣ ሱፐር ግሉ እንዳትሞክሩ። የኢምፕላንቱ ስምና መጠን የተጻፈበትን ካርድ ከተከለው ክሊኒክ ተቀበሉ። የብሎኗ መፍቻ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም እንኳ ያለ ካርዱ ይቸገራል።