ራይዘን 5 2600ን ልቀይረው ወይስ ልታገሥ?

ናቲ_አያት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ኮምፒውተሬን ያስገጣጠምኩት በ2012 ዓ.ም. ነው። ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 3200 የሚል የተለጠፈባቸው ባለ 8 ጊጋ ሁለት ራሞች፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ። ሞኒተሬ 144 ኸርዝ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማታ ማታ የምንጫወተው በብዛት ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። ብቻዬን ማፑ ላይ ስዞር በሰከንድ 150 ፍሬም (ምስል) አካባቢ ይሰጠኛል፤ ጭስ ተወርውሮ ሁሉም አንድ ቦታ ሲገናኝ ግን 65 ድረስ ይወርድና ምስሉ ይቆራረጣል። ልክ መተኮስ ባለብኝ ሰዓት!

የጠየቅኩት ሱቅ «ካርዱ አርጅቷል፣ እሱን ቀይር» አለኝ። ወንድሜ ፕሮሰሰሩ ነው ይላል። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዱባይ ይመጣል፣ የምትፈልገው ካለ ቶሎ ንገረኝ ብሎኛል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እዚህ የዕቃ ዋጋ የሚቀመስ ስላልሆነ ይህ ዕድል እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። ራይዘን 5 5600ን ላስመጣ፣ ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) የሚበልጠውን 5700ኤክስ3ዲን፣ ወይስ ገንዘቤን ይዤ ወደ ኤኤም5 (አዲሱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ) ልሻገር?

ሚኪ_ዜድ፦

ኤኤም5 ብትገባ ይሻልሃል። ያንተ ኤኤም4 እኮ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ያለ ሶኬት ነው። ኤኤምዲ ኤኤም5ን እስከ እ.ኤ.አ. 2027 እና ከዚያም በኋላ እደግፋለሁ ብሏል፤ ነገ ፕሮሰሰር መቀየር ሲያምርህ ቦርዱ አያግድህም።

ቤቲ_ጥገና፦

ናቲ፣ ምንም ከማዘዝህ በፊት ማን ወደኋላ እየጎተተህ እንደሆነ እንለይ። የሱቁም የወንድምህም ግምት ነው።

ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርደህ ያንኑ ጭስ የበዛበት ጨዋታ ተጫወት። የያዘህ ካርዱ ከሆነ ሥራው ስለሚቀልለት ፍሬምህ ከፍ ይላል። ንቅንቅ ካላለ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ጋ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ «ፕሮሰሰሩ 45 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚሠራው» ብለህ እንዳትታለል። 2600 ስድስት ኮር (ራሱን የቻለ አስሊ ክፍል) እና 12 ትሬድ (የሥራ መስመር) አለው፤ ጌሙ አንድ ሁለቱን እስከ ጥግ ይዞ ሌሎቹ ሥራ ቢፈቱ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል። የምትመለከተው የካርዱን ነው፦ 97 ወይም 98 ላይ ከተቀመጠ ካርዱ ሞልቷል፣ 60 ላይ ከዋለ ግን ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው።

እግረ መንገድህን የራሙን ፍጥነት እየው። 3200 ተብሎ ስለተለጠፈበት ብቻ በዚያ አይሠራም። ባዮስ (ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተለጠፈበት ፍጥነት የሚያሠራው ሴቲንግ) ካልበራ 2133 ወይም 2400 ላይ ነው የሚያዘግመው። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ሆነው ነው የማገኛቸው፤ ሰው የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ዓመታት ሲያልፉ በጣም ያናድደኛል።

ሌላው፣ መቆራረጡ የኢንተርኔት አለመሆኑን አረጋግጥ። ሲቆራረጥ ፒንግህ (ከሰርቨሩ ጋር ያለው የመልእክት መዘግየት) ጨምሮ ፍሬምህ ካልወረደ፣ ፕሮሰሰር ብትቀይርም ለውጥ የለውም።

ናቲ_አያት፦

ቤቲ እግዜር ይስጥልኝ! ሪዞሉሽኑን ባወርደውም ያው 65 ነው። ካርዱ 58 ፐርሰንት አካባቢ ይላል፣ ፒንጉ ሰላም ነው። ራሙ ደግሞ እውነትሽን ነው፣ 2400 ላይ ነበር! ኤክስኤምፒ ሳበራው ግን ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ፣ ደጋግሞ ራሱን አጥፍቶ ካበራ በኋላ ወደ ድሮው ተመለሰ። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

ቤቲ_ጥገና፦

አልተበላሸም። 2600 በይፋ የሚደግፈው እስከ 2933 ነው፤ 3200ን አንዳንዱ ይሸከመዋል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ኤክስኤምፒውን አብራና ፍጥነቱን ብቻ በእጅህ 2933 አድርገው። ዝቅተኛው ፍሬም ትንሽ ከፍ ይልልሃል፣ ግን 144 አትደርስም፤ ስለዚህ የፕሮሰሰሩ ጉዳይ አልተዘጋም።

እኔ 5600ን አስመጣ ነው የምልህ። 2600 ያለው 16 ሜጋ ካሽ ለሁለት ተከፍሎ ሦስት ሦስት ኮር ይጋራዋል። 5600 ላይ ስድስቱም ኮር በአንድ 32 ሜጋ ይጠቀማል፣ 3200 ራምንም በይፋ ይደግፋል። ሁለቱም 65 ዋት ስለሆኑ ፓወር ሰፕላይህን አትነካም። 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋ ካሽ አለው፣ ለእንዲህ ዓይነት ጌም ይበልጣል፤ ግን ማቀዝቀዣ በካርቶኑ ውስጥ የለውም፣ አሁን አዲሱን ማግኘትም ከባድ ነው። ከባድ ግራፊክስ ያላቸው ጌሞች ላይ ደግሞ 1660 ሱፐርህ ቀድሞ ይሞላል። የዋጋ ልዩነቱን ለካርድ አስቀምጠው።

ሚኪ፣ ያልከው ከዜሮ ለሚገጣጥም ሰው ልክ ነው። ናቲ ግን ቦርድም ዲዲአር5 ራምም አብሮ ሊገዛ ነው፣ በእጁ ያለው 16 ጊጋ ዲዲአር4 ራም እዚያ አይገባለትም።

የዱባዩ_ልጅ፦

ዘመድህ ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አልወሊድ ጎዳና ይሂድ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ተደርድሯል። በካርቶን የታሸገውን ይግዛ። «ትሬይ» የሚሉት፣ ያለ ካርቶን የሚሸጠው፣ ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ ግን አይኖረውም። ሲመጣም በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ የኤኤም4 ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆኑ ከተጣመሙ ጣጣ ነው።

ናቲ_አያት፦

2933 ላይ ተነሣ! ዝቅተኛው 65 የነበረው አሁን 77 ነው፣ መቆራረጡም ቀንሷል። 5600 በካርቶኑ ብዬ ላክሁለት። ሲደርስ ዝም ብዬ ልሰካው?

ቤቲ_ጥገና፦

በፍጹም! መጀመሪያ 2600 እንደተሰካ ባዮሱን አድስ። የድሮ ባዮስ 5600ን ስለማያውቀው ምስል አይሰጥህም። ፋይሉን ከቦርዱ አምራች ገጽ ብቻ አውርድ፣ ፍላሹን ፋት32 አድርገህ ፎርማት አድርገው። ያለ ዩፒኤስ ግን እንዳትጀምር። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ የመጣልኝን አውቃለሁ፣ ቺፑን ነቅለን በማሽን እስክንጽፈው ብዙ ደከምን። ዩፒኤስ ከሌለህ ተዋስ፣ ባትሪው እንደሚይዝ ቀድመህ ሞክረው። ሲያልቅ ሴቲንጉ ስለሚጠፋ ኤክስኤምፒውን እንደገና ታበራለህ፤ 5600 ከገባ በኋላ 3200ን ሞክር።

ስትፈታ ደግሞ መጀመሪያ ጌም ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አሙቀው። አጥፍተህ ገመዱን ንቀልና ብሎኖቹን ፈትተህ ማቀዝቀዣውን ቀስ እያልክ ግራና ቀኝ ጠምዝዘው። ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ እንዳትስበው። የደረቀው ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እንደ ሙጫ ይይዝና ሶኬቱ ተቆልፎ እያለ ፕሮሰሰሩን መንጭቆ ያወጣዋል። አዲሱ ማቀዝቀዣ ፔስት ተቀብቶ ስለሚመጣ ሌላ አትጨምርበት።

የቦርድህን ሙሉ ስምና ላዩ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥር ጻፍልኝ፣ የትኛውን ባዮስ እንደምታወርድ አይቼ እነግርሃለሁ።