ዕድር ግሩፕ ላይ የእሳት ፎቶ ሲለጠፍ አድሚን መጀመሪያ ምን ያድርግ?

የሒርማታ ሰው፦
ሰላም ለቤቱ። የጅማ ዕድር ነው፣ 600 አባል ያለው የቴሌግራም ግሩፕ እንበል። ማታ 3 ሰዓት የተቃጠለ ሱቅ ፎቶ ይገባል፤ ከሥሩ «አሁን፣ መርካቶ» ይላል፣ የጅማውን መርካቶ ማለቱ ነው። ወዲያው «እነ እገሌ ናቸው፣ ውጡ» የሚል ድምፅ ይከተላል። ገሚሱ አባል ኦሮምኛ፣ ገሚሱ አማርኛ ያነባል፤ ትልልቆቹ የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። አድሚኑ ያጥፋው፣ ግሩፑን ይዝጋው፣ ወይስ ዝም ብሎ ያጣራ?

ጅሬን ማዶ፦
ማዘግየት ይቀድማል። ማጣራት ሰዓት ይፈጃል፣ ፎርዋርድ ግን ሰከንድ ነው። ሴቲንግ ገብተው ከፐርሚሽን ላይ ፎቶ፣ ቪዲዮና ድምፅ መላክን ይዝጉ። ጽሑፍ ይተዉላቸው፤ አፉ የተለጎመ ሰው ሌላ ግሩፕ ይከፍታል። ስሎው ሞዱን (አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚጽፍ የሚወስነውን) 15 ደቂቃ ላይ ያድርጉት። ከግሩፑ ፎርዋርድ ማድረግን የሚከለክለውንም ያብሩ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳውን ባያስቆምም ብዙውን ይገታል።

ከዚያ ስልክ ይደወል። መርካቶ የሚያድር ዘበኛ፣ ተረኛ ፋርማሲ፣ ብቻ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። «እውነት ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰውየውም ያንኑ ፎቶ አይቶ ሊሆን ይችላል። «ከቆምክበት ምን ይታይሃል?» ይበሉት።

ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ በጉግል ሌንስ (የምስል መፈለጊያ) ሲፈልጉ የተጻፈበትን ቆርጠው ይጣሉ፣ ታፔላውን ወይም ሕንፃውን ብቻ ያስቀሩ። ቪዲዮ ከሆነ ሦስት አራት ቦታ አስቁመው ስክሪንሾት ያንሱ። የቆየ ሆኖ ከተገኘ ተገላገሉ። አለመገኘቱ ግን እውነት አያደርገውም፤ የዛሬ ፎቶ መፈለጊያው ውስጥ ገና አልገባም። ያኔ ሥራው የዓይን ነው፦ ታፔላው ቁቤ አለው? መኪናው ነባር ሰሌዳ ከሆነ «ኦሮ» ይላል ወይስ ሌላ? በሐምሌ የጅማ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሳለ አቧራው ከየት መጣ?

ቡና ቀማሽ፦
ጅሬን ማዶ የማጥፋቱን ነገር ዘሎታል። መጥፋት አለበት፤ በዝምታ ከጠፋ ግን «ደበቁት» ይባልና ወሬው ይወፍራል። የለጣፊውን ስምና ሰዓቱን በስክሪንሾት ይያዙ፣ ያጥፉት፣ በዚያው ደቂቃ ይህን ፒን ያድርጉ፦ «3:10 የተለጠፈው ፎቶ ተነሥቷል። እያጣራን ነው። 3:40 እንመለሳለን።» በ3:40 ምንም ባይገኝ እንኳ ይመለሱ። (የጠፋው መልእክት ሪሰንት አክሽን በሚባለው የግሩፑ መዝገብ ውስጥ ለ48 ሰዓት ለአድሚኖች ይታያል።)

ማስተባበያው ከእውነቱ ይጀምር እንጂ ከወሬው አይሁን። ፎቶውን መልሰው ካሳዩ መሃሉ ላይ ወፍራም ቀይ መስመር ያስምሩበት፤ አለዚያ የእርስዎ ማስተባበያ ተቆርጦ ወሬውን ያደርሳል። በሁለቱም ቋንቋ፣ ከ40 ሰከንድ ያልበለጠ ድምፅ፣ ሁሉም በሚያውቀው የዕድሩ ሰብሳቢ አንደበት።

ቆርጦ ማሰራጨት የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ ራይንፓዳ በምትባል መንደር አምስት ሰዎች «ልጅ ሰራቂ» ተብለው ተገደሉ። በዚያ ሰሞን አገሩን ያመሰው ቪዲዮ ከፓኪስታን የሕፃናት ጥበቃ ማስታወቂያ የተወሰደ ነበር፤ ልጁ ሲመለስ የሚያሳየው መጨረሻው ብቻ ተቆርጦ ወጥቶ። ዋትስአፕ በህንድ ፎርዋርድን ወደ አምስት ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ችሎት ጠባቂ፦
ሕጉን ልጨምር። በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር፤ ሁከት ከተከተለ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ሐሰት መሆኑን «ማወቅ የነበረበት» ሰውም ይካተታል፤ ስለዚህ «እንደ ደረሰኝ ነው ያስተላለፍኩት» ብዙ አያድንም። (አንቀጹ ሰፊ ነው፣ በቅን ልቦና የተሳሳተውንም ሊነካ ይችላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።) ለጣፊውን በግሩፑ ፊት አያዋርዱት፣ በውስጥ ይደውሉለት።

የሒርማታ ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ድምፁስ እንዴት ይጣራል? ዳታ ከተዘጋስ?

ጅሬን ማዶ፦
ድምፅ በሌንስ አይፈለግም። ተናጋሪው ስሙን፣ ቀኑንና የቆመበትን ቦታ ካልጠራ «ዛሬ» ያለው የትኛውን ዛሬ እንደሆነ አይታወቅም፤ ከዓመት በፊት የተቀዳ ድምፅ ለዛሬ ይሠራል።

ዳታ ቢዘጋ ወሬ አይዘጋም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሳምንታት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው የሚደዋወለው በመደበኛ ስልክ ነበር። ከአሁኑ 20 የሰፈር ተወካይ ይምረጡ፣ እያንዳንዱ ለ10 ቤት ይደውል፤ ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው የዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይሆን በየተወካዩ ኪስ ይሁኑ።